የሣር ስፕሪንክለር ዕቃ ልትገዙ ነው? ከኮንትሮለሩ በፊት ኖዝሉን ምረጡ

ሚያዝያ ሲገባ ሆም ዲፖም ሆነ ሎውስ፣ የስፕሪንክለሩ መደርደሪያ ፊት ስልኩን ይዞ የሚቆም ሐበሻ አይጠፋም። ዓይን አዋጅ ይሆንበታል። አንዱ ሄድ (ከመሬት ብቅ ብሎ ውሃ የሚረጨው ዕቃ ነው፤ ጫፉ ላይ የምትጠመዘዘው መርጫ ኖዝል ትባላለች) አራት አምስት ዶላር ነው፤ አጠገቡ ያለው እጥፉን ይጠይቃል። ሁለቱም ጥቁር ፕላስቲክ ናቸው። ሻጩን ቢጠይቁት እሱም ከቀለም ክፍል ተጠርቶ የመጣ ነው። በመጨረሻ ብዙው ሰው ዋይፋይ ያለውን ውድ ኮንትሮለር ያነሳና መሬት ውስጥ ለሚቀበረው ዕቃ ርካሽ ርካሹን ይለቅማል።

እኔ የምመክረው ተገላቢጦሹን ነው። ኮንትሮለር ውሃው መቼ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ የሚያዝ፣ ጋራዥ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሳጥን ነው። ካልተስማማችሁ በሚቀጥለው ዓመት ነቅላችሁ ሌላ ትሰቅላላችሁ። የተቀበረውን ለመቀየር ግን ሣሩን መቅደድ፣ አካፋ ማንሳትና ጭቃ ውስጥ መንበርከክ አለ። ገንዘባችሁን ከታች ጀምሩ።

ቤታችሁ ዴንቨር ወይም አውሮራ ነው ብዬ ነው የምጽፈው። እዚያ ስፕሪንክለር ቅንጦት አይደለም። በዓመት የሚወርደው ዝናብና በረዶ ተደምሮ 15 ኢንች ገደማ ነው፤ ኬንታኪ ብሉግራስ የሚባለው የተለመደው ሣር በዚያ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ አይከርምም። ብዙ ቦታ አፈሩ ሸክላማ ስለሆነ ውሃ ቶሎ አይመጥም። ብርዱ ደግሞ ቧንቧ ይሰነጥቃል። ዳላስ ወይም ቨርጂኒያ ያላችሁም አብዛኛው ይሠራላችኋል፤ የሚለየውን ቦታው ላይ እጠቁማለሁ።

ከሱቅ በፊት፦ ጌጅና ባልዲ

ሁለት ቁጥር ሳትይዙ ዕቃ አትግዙ። አንደኛው ግፊት ነው። ውጭ ባለው ቧንቧ ላይ የሚጠመዘዝ የግፊት ጌጅ ርካሽ ነው። ቤት ውስጥ ሻወርም ልብስ ማጠቢያም በማይሠራበት ሰዓት ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ክፈቱና ንባቡን ጻፉ። ሁለተኛው በደቂቃ ስንት ጋሎን እንደምታገኙ ነው። ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ከቧንቧው ሥር አስቀምጡና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። በ30 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 10 ጋሎን አላችሁ ማለት ነው። 10ሩንም ግን አትቁጠሩ፤ 8 ብላችሁ አስሉ። ስፕሪንክለሩ ከዋናው መስመር በወፍራም ቧንቧ የሚቀጠል ከሆነ ከዚህ በላይ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ በዝቅተኛው አስቦ መነሳት ግን አይጎዳም።

ጌጁ የሚያሳየው ውሃው ቆሞ ሳለ ያለውን ግፊት ነው። ውሃው መሄድ ሲጀምር በቆጣሪው፣ መስመሩን በሚከፍተውና በሚዘጋው ቫልቭና በቧንቧው ሲያልፍ ግፊቱ ይቀንሳል። ጌጁ 60 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ስላለ ሄዱ ጋ 60 ይደርሳል ብላችሁ አትጠብቁ። ግቢያችሁ ዳገት ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጫማ ከፍታ 0.43 ፒኤስአይ ቀንሱ።

እግረ መንገዴን፦ መቆፈር ከመጀመራችሁ ጥቂት የሥራ ቀናት ቀደም ብላችሁ 811 ደውሉ። በነፃ ነው። የጋዝ፣ የመብራትና የስልክ መስመር የት እንደተቀበረ መጥተው ቀለም ይቀቡላችኋል።

ስፕሬይ፣ ሮተር ወይስ ሮተሪ ኖዝል?

ዋናው ምርጫ ይኼ ነው። የቫልቩ ብዛት፣ የቧንቧው ውፍረት፣ የምትቆፍሩት ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ስፕሬይ የሚባለው ብቅ ይልና ባለበት ቆሞ ውሃውን ባንዴ ይዘረጋዋል። ከ5 እስከ 15 ጫማ ይደርሳል። 30 ፒኤስአይ ይበቃዋል። ርካሽ ነው፤ ሲሰበርም መለዋወጫው የትም አለ። ችግሩ ጥድፊያው ነው። በሰዓት ከ1.5 ኢንች በላይ ውሃ ያወርዳል። ሸክላማ አፈር ይህን ሊውጠው አይችልም። ትንሽ ደቂቃ ቆይቶ ውሃው ከሣሩ ላይ ተንሸራቶ በእግረኛው መንገድ አድርጎ ወደ አስፋልቱ ሲወርድ ታዩታላችሁ። ከፍላችሁበት ነው የሚሄደው።

ሮተር ቀስ ብሎ እየዞረ ውሃውን ሩቅ ይወረውራል። ሬይን በርድ 5000ና ሀንተር ፒጂፒ የሚባሉት በየሰፈሩ የምታዩዋቸው ናቸው። 25 ጫማና ከዚያ በላይ ለሚሆን ሰፊ ጓሮ ጥሩ ናቸው። በሰዓት ግማሽ ኢንች ገደማ ስለሚያወርዱ አፈሩ ፋታ ያገኛል። ነገር ግን ሄዱ ጋ ሲደርስ 45 ፒኤስአይ አካባቢ ይፈልጋሉ። ጠባብ ግቢ ላይ ሮተር መትከል ደግሞ የጎረቤትን አጥር ማጠብ ነው። ከሁለቱ የቱን ካላችሁኝ በጥራት የሚያጣላ ልዩነት የለም። ፒጂፒን ለማስተካከል የራሷ ትንሽ ቁልፍ ታስፈልጋለች፤ እሷ ደግሞ ሁልጊዜ ትጠፋለች። ለ5000ው ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይበቃል።

ሦስተኛው ሮተሪ ኖዝል ነው። ሀንተር ኤምፒ ሮቴተር ይለዋል፤ ሬይን በርድ አር-ቫን ይለዋል። የስፕሬይ ሄድ ላይ የሚጠመዘዝ ትንሽ ኖዝል ነው፤ ግን ቀጫጭን የውሃ ፈትሎችን እያዞረ ይረጫል። የኤምፒ ሮቴተር የተለመዱት ሞዴሎች ከ8 እስከ 30 ጫማ ይሸፍናሉ። 40 ፒኤስአይ ላይ በሰዓት 0.4 ኢንች ገደማ ያወርዳሉ። ፈትሉ ወፈር ስለሚል ነፋስም እንደ ስፕሬዩ በቀላሉ አይወስደውም። ዋጋው ግን ከተራ ስፕሬይ ኖዝል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሰው መደርደሪያው ጋ ተመልሶ የሚያስቀምጠውም ለዚህ ነው።

እስቲ እናስላው። ለ15 ጫማ የሚሆን ግማሽ ክብ ስፕሬይ ኖዝል በ30 ፒኤስአይ በደቂቃ 1.85 ጋሎን ይጠጣል። 8 ጋሎን ካላችሁ በአንድ ዞን፣ ማለትም በአንድ ቫልቭ አብረው በሚከፈቱት ውስጥ፣ የምትተክሉት 4 ሄድ ብቻ ነው። ግማሽ ክብ ሮተሪ ኖዝል ግን 0.8 ጋሎን ገደማ ይበቃዋል። በዚያው ውሃ 10 ሄድ ታስነሳላችሁ። ግቢው 20 ሄድ የሚፈልግ ከሆነ በስፕሬይ 5 ዞን፣ በሮተሪ 2 ዞን ማለት ነው። ሦስት ቫልቭ፣ የሦስት ዞን ሽቦና ቧንቧ፣ ሦስት ተጨማሪ ቦይ መቆፈር ቀረ። የኖዝሉ ውድነት እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

የሚከፈልበት ነገር ጊዜ ነው። ግማሽ ኢንች ውሃ ለማጠጣት ስፕሬይ 20 ደቂቃ ገደማ ሲፈጅበት ሮተሪው 75 ደቂቃ ይወስዳል። የዴንቨር ውሃ መሥሪያ ቤት ለዓመታት የቆየው የሰመር ደንብ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ ከ10 እስከ 6 መሆኑ ነው፣ ሣር ማጠጣት ይከለክላል። ሁለት ዞን ሌሊት ላይ በቀላሉ ያልቃል። ድርቅ ሲጠና ደንቡ ስለሚጠብቅ በየዓመቱ የወጣውን ማየት ነው።

ስለዚህ ለአብዛኛው የዴንቨር ግቢ እኔ ሮተሪ ኖዝል እላለሁ። ስፕሬይን የምመርጠው ግፊታችሁ ከ40 በታች ሲሆን፣ ወይም የምታጠጡት ቦታ አራት አምስት ጫማ የሆነች ጠባብ ገመድ መሬት ስትሆን ነው። ውሃው የጉድጓድ ሆኖ አሸዋ ካለበትም ሮተሪው ቶሎ ይደፈናል።

የትኛውንም ብትመርጡ የተለያየ ዓይነት አንድ ዞን ላይ አታደባልቁ። አሮጌ ቤት ስትገዙ የምታገኙት ድብልቅልቅ ይኸው ነው። የቀድሞው ባለቤት ሁለት ስፕሬይ ሲሰበርበት በእጁ የነበረውን ሮተር ተክሎ ሄዷል። በአንዱ ሥር ሣሩ እየዋኘ በሌላው ሥር በድርቅ ይነድዳል። ደቂቃውን ብትጨምሩም ብትቀንሱም መፍትሔ የለውም።

ርቀቱንም አትሰስቱ። የአንዱ ውሃ ቀጣዩ ሄድ እግር ሥር መድረስ አለበት። የ15 ጫማ ኖዝል ከሆነ በየ15 ጫማው ይተከል። ጥቂት ሄድ ለመቆጠብ 22 ጫማ ላይ የተከለ ሰው ሐምሌ ላይ መሐል መሐሉን ቢጫ ሆኖበት ያገኘዋል።

ኖዝሉ የሚቀመጥበት ሰውነት

ኖዝሉን ከመረጣችሁ ሰውነቱ ይቀላል። ሬይን በርድ 1800ና ሀንተር ፕሮ-ስፕሬይ ሁለቱም ሁነኛ ናቸው፤ የአንዱ ኖዝል ሌላው ላይ ይገባል። የቶሮ 570 ግን ጥርሱ የተለየ ስለሆነ አሮጌ ቶሮ ያለበት ግቢ ውስጥ ኖዝል ብቻ ገዝታችሁ አትምጡ። አንዱን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

እጥፍ ዋጋ የሚጠይቀው ሄድ ውስጡ የግፊት መቆጣጠሪያ ያለው ነው። ያስፈልጋችኋል ወይ? መልሱ ጌጁ ላይ ነው። ግፊታችሁ 70 ወይም 80 ከሆነ ጠዋት ውጡና ስፕሬዩን ከፀሐይ ፊት ለፊት ቆማችሁ እዩት። ውሃው ጠብታ መሆኑ ቀርቶ ጉም ይሆናል። ሣሩ ጋ ሳይደርስ ተነስቶ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ያረጥባል። ያንን የሚያስቆመው ይህ ሰውነት ነው። ለተራ ስፕሬይ ባለ 30፣ ለሮተሪ ኖዝል ባለ 40 ፒኤስአይ ግዙ። ሀንተር ባለ 30ውን ቡናማ፣ ባለ 40ውን ግራጫ ክዳን ስለሚያደርግለት ተተክሎም ይለያል። ግፊታችሁ 45 ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ዳገት ላይ ያላችሁ ደግሞ ቼክ ቫልቭ ያለበትን ጠይቁ። አለዚያ ዞኑ በተዘጋ ቁጥር ቧንቧው ውስጥ የቀረው ውሃ በዝቅተኛው ሄድ በኩል ይፈስሳል። ሁልጊዜ ጭቃ የሆነች አንዲት ጥግ ካለች ምክንያቷ ይህ ሊሆን ይችላል።

ቁመት ላይ አብዛኛው ሰው 4 ኢንች ይገዛል። ሣራችሁን ሦስት ኢንች ገደማ አድርጋችሁ የምታጭዱ ከሆነ ባለ 6 ኢንቹ ይሻላል፤ አራቱ ሣር ውስጥ ተደብቆ ውሃውን ሣሩ ይመልስበታል። ባለ 6ቱ በጎኑም የውሃ መግቢያ አለው። በብርድ አገር በጎኑ አታስገቡ። ከሥሩ ያለው ውሃ ሳይወጣ ይቀርና ይቀዘቅዛል፤ ሰውነቱም ይሰነጠቃል።

ቫልቭ

እዚህ ላይ መሰሰት አያስፈልግም። ባለ 1 ኢንች የሬይን በርድ ዲቪ ወይም የሀንተር ፒጂቪ ለቤት በቂ ነው። ሁለቱም በ24 ቮልት ይሠራሉ። የውሃውን መጠን በእጅ የሚቀንስ እጀታ ያለበትን ሞዴል ጥቂት ዶላር ጨምራችሁ ውሰዱ።

ዋናው ጥያቄ ሲበላሽ እንዴት ይከፈታል የሚለው ነው። ቫልቭ የሚበላሽበት መንገድ ብዙ አይደለም። ዞኑ ተዘግቶም ሄዱ ሲያለቅስ ያድራል። ዋናውን ውሃ ዘግታችሁ የቫልቩን ክዳን ስታነሱ ከሥሩ ጥቁር ክብ ጎማ አለ። ገልበጥ አድርጋችሁ በጣታችሁ ስትዳብሱት የጤፍ ፍሬ የምታክል አሸዋ ጠርዙ ላይ ተቀርቅራ ታገኛላችሁ። ማጠብ፣ መመለስ፣ አለቀ። አንዳንዱ ክዳን በብሎን ይታሠራል፤ አንዳንዱ እንደ ማሰሮ ክዳን ይጠመዘዛል። የሚጠመዘዘው ፈጣን ነው፤ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ግን ለእጅ ቦታ አይተውም። የፒጂቪ ብሎኖች ሲፈቱ ከክዳኑ አይለዩም። ጭቃ ውስጥ ብሎን ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ጥቅሙ ይገባዋል።

ሁሉንም ቫልቭ ከአንድ ኩባንያ ግዙ፤ ጎማው ካንዱ ወዳንዱ አይሄድም። ሽቦ ስትዘረጉ ሁለት ትርፍ ክር ያለው ኬብል ውሰዱ። መገጣጠሚያውም ቅባት የተሞላ፣ ውሃ የማያስገባ ይሁን። በተራ የኤሌክትሪክ ቴፕ የተጠቀለለ ሽቦ እርጥብ ሳጥን ውስጥ ዕድሜ የለውም።

ባክፍሎ

ይህ በምርጫ የሚገዛ አይደለም፤ ከተማው የሚለውን ነው የምትገዙት። ሥራው የሣሩ ውሃ ማዳበሪያውንና የውሻውን ቆሻሻ ይዞ ወደምትጠጡት መስመር እንዳይመለስ ማድረግ ነው። መንገድ ላይ ዋናው ቧንቧ ቢፈነዳ ውሃ ወደ ኋላ ሊሳብ ይችላል። ዴንቨር አካባቢ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የነሐስ ዕቃ ይህ ነው። ፕሬሸር ቫኩም ብሬከር ይባላል፤ ከከፍተኛው ሄድ ቢያንስ 12 ኢንች በላይ መሆን አለበት። ጓሯችሁ ከቤቱ ከፍ የሚል ከሆነ ይህ አይሠራም፤ ሌላ ዓይነት፣ ውድ የሆነ ያስፈልጋል። ዳላስ አካባቢ መሬት ውስጥ በሳጥን የሚቀመጠው ደብል ቼክ የተለመደ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ከተማውን ስለ ፈቃድና ስለ ምርመራ ጠይቁ። እኔ ከሆንኩ ይህንን ክፍል ለቧንቧ ሠራተኛ እሰጣለሁ፤ ሌላውን በራሴ እሠራለሁ።

ቧንቧው፦ ነጩ ወይስ ጥቁሩ?

ነጩ ፒቪሲ ነው፤ በሙጫ ይጣበቃል። ጥቁሩ ፖሊ ነው፤ ይታጠፋል፤ በጥርሳም ፊቲንግና በብረት ክላምፕ ይያያዛል። ብርድ አገር ላይ ከቫልቭ በኋላ ላለው መስመር ጥቁሩን እመርጣለሁ። ትንሽ ውሃ ቀርቶበት ቢቀዘቅዝ ሳብ ይላል እንጂ እንደ ፒቪሲ ቶሎ አይሰነጠቅም። ዛፍ ሲያጋጥምም ዞር ይላል። ከቫልቭ በፊት ያለው መስመር ግን ሌት ተቀን ግፊት ስለሚሸከም ፒቪሲ ወይም መዳብ ይሁን። በረዶ ብዙ በማያስቸግርበት ዳላስ ሁሉንም በፒቪሲ መጨረስ ይቻላል።

ባለ 3/4 ኢንች ስኬጁል 40 (የቧንቧው ግድግዳ ውፍረት ደረጃ ነው) ፒቪሲ በደቂቃ 8 ጋሎን አካባቢ ያሳልፋል። ባለ 1 ኢንቹ 13 ያህል። የዋጋ ልዩነታቸው ትንሽ ስለሆነ 1 ኢንቹን ውሰዱ። ሄዱን ከመስመሩ ጋር በቀጥታ በጠንካራ ፕላስቲክ አታያይዙ። ፈኒ ፓይፕ የሚባለውን ተጣጣፊ ቱቦ መሐል አስገቡ። የእንግዳ መኪና ጎማ ሄዱ ላይ ሲወጣ ዝቅ ይልና ይመለሳል፤ አለዚያ ሥሩ ይቆረጣል።

መስከረም መጨረሻ ላይ ቧንቧው በኮምፕረሰር መነፋት አለበት። ለጥቁሩ ከ50፣ ለነጩ ከ80 ፒኤስአይ አትለፉ።

አሁን ኮንትሮለሩ

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚለው አንድ ቤተሰብ ከሚጠቀመው ውሃ በአማካይ 30 በመቶው ውጭ ነው የሚፈሰው፤ በደረቅ አካባቢ እስከ 60 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ የአየር ሁኔታ እያየ ራሱን የሚያስተካክል ኮንትሮለር ጥቅም አለው፤ አልክድም። ዋተርሴንስ የሚል፣ የዚሁ መሥሪያ ቤት የውሃ ቁጠባ ምልክት ያለበትን ፈልጉ። ብዙ የውሃ መሥሪያ ቤቶች ለዚያ ተመላሽ ገንዘብ ይሰጣሉ።

ራቺዮና ቢሃይቭ በስልክ ለሚኖር ሰው ተስማሚ ናቸው። ራቺዮ 3 ግን ስክሪን የለውም። እናታችሁ ልጅ ልታሳድግ መጥታ ቤት ውስጥ ብቻዋን ብትሆንና ውሃው አላቆም ቢል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሳጥን ምንም አይነግራትም። ሀንተር ኤክስ2 ወይም የሬይን በርድ ቲኤም2 ስክሪንም ማዞሪያም አላቸው፤ ዋይፋይ ከፈለጋችሁ በኋላ ይጨመርላቸዋል። እኔ ወደዚህ አደላለሁ። ውድ ኮንትሮለር ሳይሆን ሸክላ አፈር ላይ ውሃውን ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ፣ በመሐሉ እያሳረፈ የሚያጠጣ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ርካሾቹም ይህን ይችላሉ።

ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ የተከላችሁበትን መደብ ከሣሩ ጋር አንድ ዞን አታድርጉ። ለእሱ ድሪፕ (ውሃውን በጠብታ ሥሩ ላይ የሚያንጠባጥብ ቱቦ)፣ የራሱ ቫልቭ፣ ማጣሪያና የግፊት መቀነሻ ይኑረው።

አዲስ አበባ ላክልኝ ለሚሏችሁ

በሻንጣ ይዘህልኝ ና የሚል ወንድም አይጠፋም። ሄዱና ኖዝሉ ቀላል ነው፤ ሦስት ነገር ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የአሜሪካ ፊቲንግ ጥርስና አገር ቤት የተለመደው አንድ አይደሉም። ግማሽና 3/4 ኢንቹ በቴፍሎን ተጠቅልሎ እንደ ምንም ይያያዛል። 1 ኢንቹ ግን የጥርሱ ቁጥር ስለሚለያይ ጥቂት ዞሮ ይነክሳል፤ በግድ ስታጠብቁት ይሰነጠቃል። ከአሜሪካ የገዛችሁት ኮንትሮለር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ እዚያ 220 ላይ ከሰካችሁት ይቃጠላል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር በባትሪ የሚሠራው ይሻላል። የባትሪው ቫልቭ ግን የተለየ ሶሌኖይድ (ቫልቩን በኤሌክትሪክ የሚከፍተው ክፍል) ስለሚፈልግ አብሮ ይገዛ።

ሦስተኛው ሮቶው ነው። 10 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሮቶ የሚሰጠው 14 ፒኤስአይ ብቻ ነው፤ ሮተር 45 ይፈልጋል። ፓምፕ ከሌለ የላካችሁት ሄድ ከመሬት ብቅ አይልም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ደግሞ ሮቶውን በሣር ላይ መጨረስ ለቤቱ ሰው ጠብ ነው። ፓምፕ የሌለው ሰው በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራ ድሪፕ ቢጠይቃችሁ ይሻለዋል፤ ለሻንጣውም ይቀላል።